ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የአሻራ ማሽን

ለ፦ ክቡር የአሻራ ማሽን
ዋናው መግቢያ፣ ከጥበቃው ወንበር በላይ

ጉዳዩ፦ የገዛ ጣቴን እንዲያውቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

"ለጤናዎ እንደምን አሉ?" ብዬ ልጀምር ነበር። ለካ እርስዎ አይታመሙም። መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪ አለዎት። የሚጠፋው የእኛ ፍሪጅ ነው፣ ኢንሱሊኔን እንደያዘ።

የምጽፍልዎ ስለ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ስኳሬ ወርዶ ሲያልበኝና ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። ደሜን ስለካ፣ ስኳር ስቅም ነጋ። እንደምንም ብዬ 2:20 ላይ ደጅዎ ደረስኩ። ጣቴን አስቀመጥኩ። "ፕሊስ ትራይ አጌን" አለች ያቺ ውስጥዎ የምትኖረው ሴትዮ። ጠርጌ አስቀመጥኩ። "ፕሊስ ትራይ አጌን።" ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ፤ ምክሩም ዘነበ። አንዱ "ትንፋሽ ስጪው" አለኝ፤ ሰጠሁት። ጥበቃው ጋሼ "ልጄ፣ ፀጉርሽ ላይ አሸት አድርጊው፣ ወዝ ይፈልጋል" አሉኝ፤ አሸሁ። በመጨረሻ አንዷ "ኧረ እኛን አታስቀሪን!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፣ 2:30 ሊሞላ ነው። ዞር ብዬ አሳለፍኳቸው። ለሁሉም "ታንክ ዩ" ተባለላቸው።

ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ዋልኩ። ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ስሜ ፊት ለፊት የተጻፈው "ቀሪ" ነው።

ጥፋቱ የጣቴ መሆኑን አምናለሁ። ደሜን የምለካው እየወጋሁት ስለሆነ ጫፉ ወንፊት ሆኗል። ሐኪሜ "ጣት ቀያይሪ" ትለኛለች። እርስዎ ደግሞ አንዷ አመልካች ጣቴ ላይ ሙጭጭ ብለዋል። ሁለታችሁን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አጣሁ።

ወደ ሰው ሀብት ወጣሁ።

"ሲስተሙ አላየሽም" አለኝ ኃላፊው።

"ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ እኮ።"

"እኔማ እያየሁሽ ነው። ሲስተሙ ነው ያላየሽ።"

መፍትሔው ማስረጃ ማምጣት ነው። የምን ማስረጃ? ጣቴ ለምን እንደማይነበብ የሚገልጽ፤ ክብ ማህተም፣ ቲተርና ፊርማ ያለበት። የካርድ ክፍሉን ሰልፍ አልተርክም፤ እሱን የማያውቀው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሐኪሟ "ስንት ቀን ዕረፍት ልጻፍልሽ?" አለችኝ። ዕረፍት አልፈልግም አልኳት። "ታዲያ ምን ልጻፍ?" "ጣቴ የእኔ መሆኑን።" ሳቀች። ከዚያ አየችኝና መሳቋን ተወች። ቅጹ ላይ ግን ለዕረፍት ቀናት ካልሆነ ለሌላ ነገር ክፍት ቦታ የለውም። ጠርዙ ላይ አጣባ ጻፈችልኝ።

ኃላፊው ወረቀቱን ተቀበለኝ። መጀመሪያ ማህተሙን ወደ መስኮቱ ይዞ መረመረው። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። "ስኳር?! በዚህ ዕድሜሽ? ጣፋጭ ትወጃለሽ ማለት ነው!" ሒሳብ ክፍሏ ከወረቀቷ ቀና ብላ "የሽፈራው ቅጠል በሻይ ጠጪ፣ ነቅሎ ነው የሚጥልልሽ" አለችኝ። ምሳ ሳይደርስ ሕንፃው ሁሉ ሰማ። ከሰዓት ቡና የምታፈላልን ልጅ ሲኒዬን አቅርባ፣ የስኳር ዕቃውን ግን ከፊቴ ቀስ አድርጋ አነሳችው። በሐዘኔታ።

አሁን ስማኝ። አንተ ብረት ነህ፤ በአንተ አልቀየምም። ያን ወረቀት ጮክ ብሎ ያነበበው ግን ሰው ነው። ለማን ልንገር፣ መቼ ልንገር የሚለው የእኔ ፈንታ ነበር። በአንድ ንባብ ወሰደብኝ። ስኳሬ ከ70 ሲወርድ የሚያተርፈኝ ያ ከፊቴ የተነሳው ስኳር ነው። 15 ግራም ቅሜ፣ 15 ደቂቃ ቁጭ ብዬ፣ ደግሜ መለካት ብቻ ነው። እሱን እንኳ ለማንም ሳላስረዳ ነው የኖርኩት። ሽንት ቤት ገብቼ፣ ቦርሳዬን በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሆዴን ስወጋ የከረምኩት አፍሬ አይደለም። በሙከራው 60 የሥራ ቀን ውስጥ "ለሥራው ብቁ አይደለሽም" ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ መሰናበት እንዳለ ስለማውቅ ነው። ጤነኛ መስዬ ካልገባሁ አልገባም ነበር!

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ ስኳሬ ወጣ መሰለኝ።

ሕጉን አላነበብሽም እንዳይሉኝ፣ አንብቤያለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ባዶ። ደግ ነው፤ ለተኛ ሰው። እኔ ግን አልተኛሁም። የምፈልገው አምስት ደቂቃ፣ የሚዘጋ በርና ፍሪጅ ውስጥ አንድ ጥግ ነው። እሱን በየትኛው የፈቃድ ቅጽ ነው የሚሞሉት? አዋጅ 568/2000 አሠሪው ሥራውንና ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲያመቻች ያዛል። ይህንን ባነሳ ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየኝና "አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ? ደህና ነሽ እኮ" አለኝ። በዚያው ሳምንት ከነአበሉ የፊልድ ሥራ መጣ። "አንቺ እንኳ ይቅርብሽ፣ ሕመምተኛ ነሽ።" ፍሪጅ ስጠይቅ ጤነኛ፣ ፊልድ ስጠይቅ በሽተኛ!

ስለ ፍሪጁ ካነሳሁ አይቀር፣ ለበዓል የቅርጫ ሥጋ ቦታ ሲፈለግለት ኢንሱሊኔን በረዶ ቤት የከተታት ሰው እስካሁን አልተገኘም። በረዶ የመታው ኢንሱሊን ይጣላል። ሥጋው ተበላ።

"6:30 ያልቃል" ተብሎ 8 ሰዓት የሚያልቀውን ስብሰባ ለሌላ ደብዳቤ ትቼዋለሁ።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሌላ ጣት ይመዝገብልኝ ብዬ አይቲ ክፍል ሄጄ "አንድ ሠራተኛ አንድ ጣት፣ አሠራሩ ነው" ተባልኩ። እኔ ግን መመሪያዎን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አነበብኩት። እርስዎ ለአንድ ሰው አሥሩንም ጣት መመዝገብ ይችላሉ! እምቢ ያልከኝ አንተ አይደለህማ። ስለዚህ አሥሩም ይመዝገቡልኝ። የማክሰኞ ደመወዜም ይመለስልኝ፤ ተቆርጧል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት አስተዳደር (በልብ የሚነበብ)
ለሒሳብ ክፍል (ሽፈራውን ጠጥቻለሁ፤ የማክሰኞውን ላኩልኝ)