የሐዋሳ ስቴም ሴል ከናይትሮጅን ታንክ ይጀምር

ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ስለሚችለው ስለ ስቴም ሴል ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «መቼ ነው የሚያድነን?» የሚል ነው። ለሐዋሳ ቅርብ የሆነው ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ መድኃኒትን በራሳችን ሰው ሴል ላይ መፈተሽ።

ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው ሴል እንዳሳዩት፣ አራት ጂኖች የገቡበት የበሰለ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት ይመለሳል። ከዚያ የልብ፣ የነርቭ ወይም የጉበት ሴል ማድረግ ይቻላል። የጉበቱ ነገር በቀጥታ ይመለከተናል። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚቀይረው የጉበት ኢንዛይም የሚሠራው በዚህ ጂን ነው። ቅጂው ሲበዛ፣ ለሌላው ልክ የሆነ መጠን ትንፋሽ እስከ ማፈን ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ የሚሞከርበት ሴል ከእኛ ሰው ካልተወሰደ ይህ አደጋ እንዴት ይታያል? እርግጥ ከስቴም ሴል የሚሠራው የጉበት ሴል የፅንስነት ባሕርይ አይለቀውም፤ አቅሙም ከአዋቂ ጉበት ያንሳል። ያም ሆኖ የአንዱን ሰው ሴል ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማል።

ወደ ስቴም ሴልነት የሚመለሰውን ሴል ለማግኘት፣ ለጅማሬ ፈቃዱን ከሰጠ ሰው 10 ሚሊ ሊትር ደም ይበቃል። በ24 ሰዓት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎቹን በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ (ሴንትሪፊዩጅ) መለየት፣ ከዚያም ሴልን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከል ዲኤምኤስኦ የተባለ ኬሚካል 10 በመቶ ባለው ፈሳሽ ማቀዝቀዝ ነው። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል መውረድ አለበት። ከፈጠነ ሴሉ ውስጥ በረዶ ይሠራና ሽፋኑን ይቀደዋል፤ በጣም ከዘገየ ውሃው ወጥቶ ሴሉ ይኮማተራል። ዲኤምኤስኦ በክፍል ሙቀት ሴሉን ስለሚጎዳ፣ ከተጨመረ በኋላ ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ ማቆየት አይገባም። ቱቦው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ አድሮ በማግስቱ ፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ውስጥ ይገባል። ፍሪጁ ውስጥ ለወራት የተተወ ሴል መብራት ባይጠፋም ቀስ በቀስ ይሞታል።

ናይትሮጅን ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ላም የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚይዙት በእሱ ነው። ታንኩ መብራት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰው ነው። በየሳምንቱ የናይትሮጅኑን ጥልቀት ለክቶ የሚመዘግብና ሳይጎድል የሚያስሞላ ባለሙያ በቋሚ ደመወዝ ካልተመደበ፣ የዓመታት ናሙና በአንድ የበዓል ሳምንት ያልቃል። በጀት ሲያዝ ከማይክሮስኮፑ በፊት ይህ ሰው ይቅደም።

የፈቃድ ቅጹም በአማርኛ ብቻ መሆን የለበትም። ደም ሰጪው ከደሙ የሚወጣው ሴል እሱ ካረፈ በኋላም እየተባዛ ሊኖር እንደሚችል በሲዳምኛ ተነግሮት፣ ገብቶት ይፈርም።