ክርክር፦ የሕመምተኛ ክብካቤን የማሻሻሉ ሥራ በነርሶች ይመራ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «በመንግሥት ሆስፒታሎች ሕመምተኛን ማዕከል ያደረገ ክብካቤን የማሻሻል ሥራ በየክፍሉ ያለው የነርሶች ቡድን ሊመራው ይገባል» የሚል ነው። ሐሳቡን የሚደግፉት የውስጥ ደዌ ክፍል ነርሶች ኃላፊ፣ የሚቃወሙት ደግሞ በሆስፒታል አስተዳደር የሠሩ ሐኪም ናቸው።

ደጋፊ፦

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ሥልጠናው ተሰጠ፣ መፈክሩም በየኮሪደሩ ተለጠፈ፤ በብዙ ክፍሎች ግን አሠራሩ እንደነበረ ቀጥሏል። ይህ የሆነው ርኅራኄን የባለሙያው ጠባይ ብቻ አድርገን ስለወሰድነው ይመስለኛል። አንዲት ነርስ የቱንም ያህል ደግ ብትሆን፣ የክፍሉ አሠራር ሕመምተኛውን የሚያገልል ከሆነ ደግነቷ ከሰላምታ አያልፍም።

የጠዋቱን ራውንድ፣ ሐኪሞች በየአልጋው እየዞሩ ሕመምተኞችን የሚያዩበትን ሰዓት፣ እንመልከት። ሐኪሞች ሊገቡ ሲሉ ጥበቃው በየአልጋው ዞሮ አስታማሚዎችን ያስወጣል። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ምርመራውና ስለ መድኃኒቱ የሚነገረው እንግዲህ ትኩሳት ላደከመው ወይም ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ላለው ሰው ነው፤ መድኃኒቱን ከውጭ ፋርማሲ ፈልጋ የምትገዛው፣ ሌሊት የምታገላብጠው፣ ሲወጣም ቤት ወስዳ የምታስታምመው ልጁ ከበሩ ውጭ ቆማለች። ራውንዱ አልቆ ስትገባ የመድኃኒት ማዘዣ ይሰጣታል፤ ለምን እንደታዘዘ የምትጠይቀው ነርሷን ነው። ይህን ጉድለት ከጥራት ክፍል በቼክሊስት የሚመጣ ሰው አያገኘውም፤ ነርሶች ግን በየቀኑ ስለሚጠየቁ ያውቁታል። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ አስታማሚ በራውንድ ጊዜ ትቆይ ብለው መጀመሪያ በሁለት አልጋ ሞክረው፣ የሚያስቸግረውን አስተካክለው ወደ ሌሎቹ ሊያሰፉት ይችላሉ። ለዚህ ግዢ አያስፈልገውም፣ ጨረታም አይወጣለትም።

አሜሪካ ውስጥ የሮበርት ዉድ ጆንሰን ፋውንዴሽን እና የጤና ክብካቤ ማሻሻያ ኢንስቲትዩት በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የአልጋ ዳር ክብካቤን የመለወጥ ፕሮግራምም በዚሁ መንገድ የሄደ ነበር፤ የክፍሉ ነርሶች ራሳቸው ሐሳብ አመንጭተው በትንሹ ይሞክሩ ነበር።

ተቃዋሚ፦

ሲስተር፣ የራውንዱን ነገር አልክድም። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ስድስት አስታማሚ ሲቆም ግን የአንዱ ገመና ሌላው ጆሮ እንደሚገባ ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቁታል። ዋናው ተቃውሞዬ ከዚህ የከበደ ነው።

ቢፒአር (መሠረታዊ የአሠራር ለውጥ) መጣ፣ ካይዘን (ደረጃ በደረጃ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) መጣ፣ የለውጥ ሠራዊት (ሠራተኛውን በቡድን የማደራጀት አሠራር) መጣ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቅጽ ይዞ መጣ፣ ቅጹን የሞላችው ግን ያችው ነርስ ናት። ነርሲንግ ፕሮሰስ የሚባለውን የነርሶች የክብካቤ ዕቅድ ቅጽ ይውሰዱ። ዓላማው የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ችግር ለይቶ ማቀድ፣ መሥራትና መገምገም ነበር፤ በብዙ ቻርት (የሕመምተኛ መዝገብ) የምናነበው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ ዕቅድ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተገላብጧል ተብሎ የተፈረመለት ሕመምተኛ ሳይገላበጥ በመተኛቱ ጀርባው ቆስሎ ይገኛል። ፈራሚዋ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሌሊቱን ዲዩቲ (ተረኛ ሆና) ስታድር ለማገላበጥም ለመጻፍም የሚበቃ ሰዓት ስለሌላት፣ የሚጠየቀውን ታስቀድማለች። የሚጠየቀው ደግሞ ጽሑፉ ነው።

የነርስ ሙያ ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤከን እና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ጥናት ለአንዲት ነርስ የሚደርሰው ሕመምተኛ በአንድ በጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 7 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ያሳያል። የነርስን ቁጥር የሚወስነው የሥራ መደብ የሚፈቅደውና በጀት የሚመድበው አካል ነው፤ የክፍሉ ቡድን አይደለም። ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ነርሶችን የማሻሻያ መሪ ማድረግ፣ ነገ ለሚገኘው የአልጋ ቁስል ዛሬ ተጠያቂ ማዘጋጀት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ገና አልተረሳም። ያለ ክፍያ የሚጨመር ኃላፊነትን መሪነት ብለን ብናቀርብላቸው የሚሰጡንን መልስ መገመት አያዳግትም።

ደጋፊ፦

ዶክተር፣ ስለ ነርስ ቁጥር ባሉት አልከራከርም፤ የነርሲንግ ፕሮሰሱ ምሳሌዎ ግን ለእኔ ይመሰክራል። ያ ቅጽ ከላይ ወረደ፤ የክፍሉ ነርስ ትቀበለዋለች እንጂ አታሻሽለውም። የማሻሻል ሥልጣን ቢሰጠን መጀመሪያ የምንነካው ርክክቡን ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ ወጪዋና ገቢዋ ነርስ የሚረካከቡት በነርሶች ክፍል፣ ቻርት ለቻርት ነው። በአልጋ ዳር ቢሆን ሁለቱ አብረው ሕመምተኛውን አዙረው ጀርባውን ያያሉ፤ ቁስሉ ገና መቅላት ሲጀምር ይደረስበታል፤ አስታማሚዋም ትራሱ የት እንደሚገባ አይታ ትማራለች። ፊርማው ያኔ የታየ ነገር ይሆናል።

በጤና ጣቢያዎች ለወለዱ እናቶች ገንፎ እንዲገነፋ፣ ቡናም እንዲፈላ መደረጉን ያስታውሱ። ቤቷ መውለድን የመረጠችበትን ምክንያት እናቲቱን ራሷን ጠይቆ ያልሰማ ሰው ይህን አያስበውም።

ያለ ሥልጣን የሚሰጥ ኃላፊነትን ግን እኔም አልቀበልም። ለቡድኑ በፕሮግራም የተያዘ ሰዓት ይሰጠው፤ በክፍሉ ጉዳይ ጥበቃውን፣ ጽዳቱንና ልብስ ንጽሕናውን የሚያዝበት ደብዳቤ ይጻፍለት፤ የሚቆጥረው የቁስል ቁጥርም ለሥራ አፈጻጸም ምዘና አይዋል።

ተቃዋሚ፦

የመጨረሻውን ያለ ማንገራገር እቀበላለሁ፤ ቁጥር ለቅጣት ሲውል የሚመጣው ቁጥር ውሸት ነው። የሚያስቸግረኝ ሰዓቱ ነው። በርክክብ ላይ ይሁን ካሉ ሌሊቱን ያደረችው ነርስ ያለ ክፍያ ልትቆይ ነው፤ በሥራ ሰዓት ይሁን ካሉ ደግሞ ቡድኑ ሲሰበሰብ ካኑላው (በደም ሥሩ የገባው የመድኃኒት መስጫ ቱቦ) የወጣበትን ሕመምተኛ ማን ያየዋል? ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን በቦርድ ውሳኔ ለአገልግሎት ማሻሻያ መጠቀም እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በቦርድ ፊት መድኃኒትና ኦክስጅን ሲጸድቅ እንጂ የነርስ ሰዓት ቀርቦ ሲጸድቅ አላየሁም።

ደጋፊ፦

ሲጸድቅ ያላዩት ስላልቀረበ ነው። ሜትሮኗ (የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) የነርስን ሰዓት እንደ ወጪ አስልታ እንድታቀርብ ማን ጠይቋት ያውቃል? የቡድኑ ሰዓት እንደ ዲዩቲ ይቆጠርና ይከፈል፤ ኦክስጅን በሲሊንደር እንደሚቆጠር የነርስም ሰዓት በወሩ ፕሮግራም ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱም በአንድ የበጀት ጥያቄ ለቦርዱ ሊቀርቡ ይችላሉ።