«መቼ ነው የሚጀምረው?» ላላችሁኝ ሁሉ፣ ጀምሯል እኮ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴን ልጅ በመኪና ይዤው እየሄድኩ የፒንክ ፍሎይድን «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» የሚባለውን አልበም ከፈትኩለት። ሁለት ደቂቃ ሰማ፣ ሦስት ደቂቃ ሰማ፣ ከዛ ስልኩን አወጣና «ኧረ ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። መልስ ልሰጠው ስል ሜክሲኮ ደርሰን ስለነበር ወረደ። ግን ጥያቄው አልወረደልኝም፣ ምክንያቱም ይሄን አልበም ያስሰማሁት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያችኑ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ፣ ስለዚህ መልሱን አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ለማታውቁት፣ ፒንክ ፍሎይድ የእንግሊዝ ባንድ ነው፣ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ከሚባለው ወገን፣ ማለት ሮክ ሆኖ የሦስት ደቂቃ ዘፈን የማይበቃው፣ ረጃጅም ቅንብር ያለው፣ አልበሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አንድ ነገር አድርጎ የሚሠራ ዓይነት። ይሄኛው አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሮጀር ዋተርስ ቤዝ፣ ዴቪድ ጊልሞር ጊታር፣ ሪቻርድ ራይት ኪቦርድ፣ ኒክ ሜሰን ድራም። ያለው አምስት ትራክ ብቻ ነው፣ ሁሉም ተደምሮ 44 ደቂቃ አካባቢ። ከዛ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የያዘው «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» የሚባለው አንድ ቅንብር ነው፣ እሱም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ መጀመሪያ ላይ፣ ግማሹ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ጥያቄው። በመጀመሪያው ትራክ ላይ የሰው ድምፅ የሚገባው ከ8 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ከዛ በፊት ምንድን ነው ያለው? መጀመሪያ ጭጋግ የመሰለ ድምፅ አለ፣ እዛ ጭጋግ ውስጥ ውሃ በነካ ጣት አፉ የሚታሸ የወይን ብርጭቆ ድምፅ ሁሉ አለበት (ከዛ በፊት በቤት ዕቃ ብቻ አልበም እንሥራ ብለው ጀምረው የተዉት ሥራ ነበራቸው፣ የተረፈው ነው)። ከዛ የጊልሞር ጊታር ቀስ ብሎ ይገባል፣ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይናገራል። አራት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ደግሞ ሁሉም ነገር ጸጥ ይልና አራት ኖታ ብቻ ትመጣለች። አራት! ትደገማለች፣ ድራሙ ገና አልገባም፣ ትደገማለች። ዋተርስ ግጥሙን እንዲጽፍ የገፋፋችው ያቺ አራት ኖታ ነች፣ ጊልሞር ልምምድ ላይ እንዲሁ ሲነካካ የወጣች። እኔ ይሄን ስሰማ መግቢያ እየሰማሁ ነው ብዬ አላውቅም፣ አንድ የሆነ ሰው በር ላይ ቆሞ ስም እየጠራ መልስ እየጠበቀ ያለ ነው የሚመስለኝ። መጠበቁ ነው ዘፈኑ። ድምፃዊው ሲገባ እኮ የሚነግረን ነገር ያንን ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሰምተነዋል፣ ቃል ስላልነበረው ነው እንጂ።

የሚጠራው ሰው ሲድ ባሬት ነው። ባንዱን ከመሠረቱት አንዱ፣ የመጀመሪያውን የ1967 አልበም ዘፈኖች አብዛኞቹን የጻፈ፣ ጊታሪስት፣ ድምፃዊ፣ መልከ መልካም ልጅ። ከዛ ኤልኤስዲ የሚባለው ዕፅም የአእምሮ ሕመሙም ተደራርበው መድረክ ላይ ቆሞ መጫወት ሁሉ ሲያቅተው 1968 ላይ ከባንዱ ወጣ፣ ቦታውን የያዘው ደግሞ አብሮ አደጉ ጊልሞር ነው፣ ሁለቱም የካምብሪጅ ልጆች ናቸው። ይሄን አስቡት፣ የልጅነት ጓደኛህ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመህ ከሰባት ዓመት በኋላ በጊታር እሱን ትጠራለህ።

ጁን 5 ቀን 1975 ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ አልበሙ ላይ እየሠሩ እያለ አንድ ወፍራም፣ ራሱንም ቅንድቡንም የተላጨ ሰውዬ ገባ። ማንም አላወቀውም። ራይት የዋተርስ ጓደኛ መስሎት ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ነው ሲድ መሆኑ የገባቸው፣ ገና 29 ዓመቱ ነበር። አዝነውም ደንግጠውም አለቀሱ ይባላል፣ ያላለቀሰ ሰው ቢኖር ነው የሚገርመኝ። ስለ መጥፋቱ ሙዚቃ እየሠሩለት ያለ ሰው በእግሩ መጥቶ ፊታቸው ቆመ፣ እነሱም አላወቁትም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይሄን ሲሰሙ «ይሄማ የነሱ ትዝታ ነው» ይሉኛል። ይቀራረባል፣ እኔም ያለ ቃል ሙዚቃ መስማት የለመድኩት በትዝታ ነው፣ በክራርም በሳክስፎንም ቃል ሳይኖረው ሆድ የሚያባባውን። ግን አንድ አይደሉም። ትዝታ ላይ ሰውየው ሄዷል፣ አገር ቀይሯል፣ የቀረው ትዝታው ነው፣ እሱንም ና እየተባለ ይጫወቱታል። እዚህ ግን ሰውየው አልሄደም፣ አለ፣ ክፍሉ ውስጥ አለ፣ ግን የለም። በሕይወት ያለን ሰው የሚናፍቅ ሙዚቃ ነው፣ እንደዛ ያለ ሰው ቤቱ ያለው ሰው ወዲያው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ዋተርስ ራሱ ነገሩ ስለ ሲድ ብቻ አይደለም ብሏል፣ ሲድ ለመጥፋት ሁሉ ምልክት ነው እንጂ። እነሱም ራሳቸው ከ1973ቱ ትልቅ አልበማቸው በኋላ ዝናውም ገንዘቡም ከመጣ ወዲህ ስቱዲዮ ተሰብስበው ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

አሁን የራሴን ላውራ። ይሄን አልበም መጀመሪያ ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ነው። ሸክላ የለ፣ ሲዲ የለ፣ ፎልደር ነው። ማጫወቻዬ ደግሞ ዘፈኖቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነበር የሚደረድረው፣ ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ አልበሙን የሰማሁት «ሃቭ ኤ ሲጋር» አንደኛ ሆኖ፣ ሁለቱ «ሻይን ኦን» ተከታትለው፣ ከዛ «ዌልካም ቱ ዘ ማሺን»፣ የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ደግሞ መጨረሻ ሆኖ ነው። እወደው ነበር፣ በጣም። ግን የምወደው አምስት ጥሩ ዘፈን አድርጌ ነበር እንጂ አልበሙን አላውቀውም ነበር። በትክክለኛው ተራ የሰማሁት ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፣ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በኢርፎን፣ እና ስለሱ የማወራው እስካሁን ነው።

ምን ተለየ? «ሃቭ ኤ ሲጋር» የሸክላ ኩባንያ አለቃ ሲናገር ነው፣ ትከሻ እየመታ፣ ሲጋራ እየጋበዘ፣ እናንተ ልጆች ሀብታም ትሆናላችሁ እያለ፣ ደግሞ ከመሃላችሁ ፒንክ የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ፣ ባንዱን የሰው ስም መስሎት። የዘፈነውም ከባንዱ ሰው አይደለም፣ ዋተርስ ድምፁ ተጎድቶ ጊልሞርም አልፈልግም ብሎ እዛው ስቱዲዮ የራሱን ሥራ ይሠራ የነበረው ሮይ ሃርፐር ነው የዘፈነላቸው። ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ጊታሩ በጋለበት አንድ ጊዜ ሽው ይልና ትንሽ ሬዲዮ ውስጥ ይገባል፣ ያ ሁሉ ትልቅ ድምፅ ጭል ጭል የሚል የሬዲዮ ድምፅ ይሆናል፣ ከዛ አንድ ሰው ጣቢያ ይቀይራል፣ የሰዎች ወሬ፣ የቻይኮቭስኪ አራተኛ ሲምፎኒ ቁራጭ፣ ቀጥሎ ከሩቅ አኮስቲክ ጊታር። ሬዲዮው ላይ ያለ ጊታር ነው። ከዛ እዚህ፣ ጆሮህ ሥር፣ ሌላ ጊታር ተነስቶ አብሮት ይጫወታል፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ከፍቶ ብቻውን የሚለማመድ ልጅ ዓይነት። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን የሚጀምረው እንዲህ ነው። ጊታር የያዘ ሰው ሁሉ ያንን መግቢያ ይሞክረዋል፣ ደስ ይላል፣ ግን ከዛ ሬዲዮ ገንጥላችሁ ስትሰሙት ግማሹ የለም። ያ የአለቃ ጩኸት ተዘግቶ ነው ያ አንድ ልጅ የተገኘው። በኔ ፍላሽ ግን ያ ትልቅ ድምፅ ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ ሲያበቃ የሚከተለው የማይገናኘው ነገር ነበር።

ተራው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፣ ተጣልተውበታል። ጊልሞር «ሻይን ኦን» አንድ ላይ ይሁን፣ የሸክላው ሁለተኛ ፊት ላይ መድረክ ላይ ሲጫወቷቸው የነበሩ ሁለት ረጃጅም ዘፈኖች ይግቡ ሲል ዋተርስ የለም ለሁለት እንክፈለውና መሃሉ ላይ ሐሳቡን የሚሸከሙ አዳዲስ ዘፈኖች እናስገባ አለ፣ የዋተርስ አለፈ። በዚህ ጉዳይ እኔ ከዋተርስ ጋር ነኝ። ቅንብሩ ሲከፈል መሃሉ ላይ ያ ማሽን፣ ያ አለቃ፣ ያ ብቸኛ ልጅ ገቡ፣ ሰውየው የጠፋው በምን እንደሆነ መሃሉ ላይ ይነገራል ማለት ነው።

ከቨሩም እንደዛው፣ አሜሪካ ቡርባንክ የፊልም ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ይጨባበጣሉ፣ አንደኛው እየነደደ ነው። የምር ነው የነደደው፣ ሮኒ ሮንዴል የሚባል ስታንትማን፣ ማለት ፊልም ላይ አደገኛ ትዕይንት የሚሠራ ሰው፣ ነፋሱ ዞሮበት ፂሙን ለብልቦታል። ያንን የመሰለ ፎቶ ደግሞ ከቨሩን የሠሩት ዲዛይነሩ ስቶርም ቶርገርሰንና ድርጅቱ ሂፕኖሲስ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው ሸጡት፣ ገዢው ሳይቀድ አያየውም። አንዳንድ አድናቂዎች ላስቲኩ እንዳይበላሽ ጠርዙን ብቻ በምላጭ ሰንጥቀው ሸክላውን ያወጡ ነበር፣ ይሄ ፍቅር ይገባኛል።

በወጣበት ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ ስሜት የለውም ያሉ ተቺዎች ነበሩ። ራይትም ጊልሞርም ግን ከአልበሞቻቸው ሁሉ ይሄን እንደሚያስበልጡ ተናግረዋል። ቀዝቃዛ የሚለው ነገር አይገባኝም፣ የማይጮህ ሁሉ ቀዝቃዛ አይደለም፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ ዝም ያለውን ሰውዬ አላዘነም አንልም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅም ለናንተም የምለው፣ ሻፍሉን አጥፉት፣ 44 ደቂቃ ስጡት፣ ከአንደኛው ጀምራችሁ አትዝለሉ። መጨረሻው ላይ የሚጠብቃችሁ ነገር አለ። ያ መጠሪያው ዘፈን በነፋስ ድምፅ ያልቅና ነፋሱ ወደ ሁለተኛው «ሻይን ኦን» ይነዳችኋል፣ እሱም ረጅም ነው፣ ቃሉ ቶሎ ያልቃል፣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የራይት ኪቦርድ ናቸው፣ የቀብር ጉዞ የሚመስል ቀስ ያለ አካሄድ። እና ድምፁ እየደከመ ሊጠፋ ሲል ራይት በሲንተሳይዘሩ አንዲት ትንሽ ዜማ ጣል ያደርጋል፣ «ሲ ኤሚሊ ፕለይ» ከሚባለው ዘፈን፣ የ1967፣ ሲድ የጻፈው፣ ደህና በነበረበት ዘመን። በቃ፣ ሰላምታው ይሄ ነው፣ ቃል የለውም፣ ሰከንዶች ነው የሚቆየው፣ ከዛ ጸጥታ።

በኔ ፍላሽ ላይ ይሄ ቦታ ሦስተኛው ትራክ መጨረሻ ላይ ነበር የሚመጣው። ስንብቱ ሳያልቅ ማሽኑ ጓ ብሎ ይገባበት ነበር፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ እኔም ስንብት መሆኑን አላውቅም ነበር።