የሚጣል ዕቃ ማን ይገዛል?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከፍራንክፈርት ወደ ጅማ በሄድሁበት ሰሞን ቤተሰቦቼ ጎረቤቱን ጠርተው ደግሰውልኝ ነበር፤ ምግቡም መጠጡም የቀረበው አንድ ጊዜ አገልግሎ በሚጣል የላስቲክ ሳህንና ኩባያ ነው። በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ከጓሮ የውሃ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ፣ እናቴ በማዳበሪያ ተጠራቅመው ሊጣሉ የተዘጋጁትን ኩባያዎች አንድ በአንድ እያወጣች በሳፋ ስታጥብ አገኘኋት። ታናሽ እህቴ ደርሳ «እማዬ፣ ይህ እኮ የሚጣል ነው» ብትላት፣ እናቴ ቀና ሳትል «የሚጣል ዕቃ ገንዘብ ከፍሎ ማን ይገዛል?» አለቻት። እህቴም እኔም መልስ አልነበረንም።

እኔ ያደግሁበት ቤት መደርደሪያ የተሞላው በወተት ዱቄት ጣሳ ነበር። ሽሮው፣ በርበሬው፣ አብሹና ኮረሪማው እያንዳንዱ የራሱ ጣሳ ነበረው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እናቴ ከክዳኑ ዝገት ትለየዋለች። የዘይቱ ጀሪካን ውሃ ሲቀዳበት ኖሮ ሲሰነጠቅ አንገቱ ተቆርጦ ጤና አዳም ይተከልበታል፤ የቡናው ኬሻ ታጥቦ የእግር መጥረጊያ ይሆናል፤ የሳሙናው ቁራጭ ከቁራጭ ጋር ተጠፍጥፎ ሌላ ሳሙና ይወጣዋል። ይህ ሁሉ ከምርጫ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን ስኳሩም ሳሙናውም ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በራሽን የሚታደል በመሆኑ፣ ያንን ሰልፍ ቆሞ ያሳለፈ ሰው ባዶ ጣሳ መጣል አይሆንለትም። ያ ችግር ተመልሶ እንዲመጣ ማንም አይመኝም፤ እኔም አልመኝም።

ነገር ግን ጣሳዎቹ የት እንደገቡ ስጠይቅ እህቴ የሰጠችኝ መልስ እስካሁን ይቆረቁረኛል። «ጋሼ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ቆርቆሮ ሲያይ ምን ይለናል ብለን ለቁራሌው ሸጥነው» አለችኝ። የእናቴ የብዙ ዓመት ጣሳ የተሸጠው በእኔ ምክንያት ነበር።

እኔ የመጣሁበት «ውጭ» ደግሞ ይህን ይመስላል። በጀርመን አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያገለግል የመጠጥ ጠርሙስና ጣሳ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዶው ሲመለስ የሚመለስ መያዣ ይከፈላል፤ ዛሬ መያዣው 25 የዩሮ ሳንቲም ነው። ተመልሶ ለሚሞላ የቢራ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሳንቲም ይያዛል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶክተሩም የጽዳት ሠራተኛውም ባዶ ጠርሙስ በከረጢት ተሸክመው ከመመለሻው ማሽን ፊት ይሰለፋሉ፤ የሚያፍርም የለም። ከጡረታቸው ላይ ለመደጎም ከቆሻሻ መጣያ ጠርሙስ የሚለቅሙ አዛውንቶች መኖራቸውንም መደበቅ አልፈልግም፤ እነርሱን ማየት ያማል። በሠፈሬ ደግሞ ምስሩን፣ ሩዙንና ዱቄቱን ያለ ማሸጊያ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ገዢው ብርጭቆውን ወይም ጣሳውን ከቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ባዶው ዕቃ ይመዘናል፣ ከዚያ ተሞልቶ ሲመዘን የዕቃው ክብደት ይቀነስለታል። ብዙው ነገር ከተራው ሱቅ ይልቅ ይወደዳል፤ ደንበኞቹም ባመዛኙ የተማሩና ደህና ደመወዝ ያላቸው ወጣቶች ናቸው። እዚያ ጣሳ ይዞ መውጣት የአስተዋይነት ምልክት ሲሆን፣ ጅማ ላይ የማጣት ምልክት ሆኖ ተሸጠ።

በጅማው ሂርማታ ገበያ ነጋዴው ቲማቲሙን በአንድ ፌስታል፣ ሽንኩርቱን በሌላ ፌስታል ቋጥሮ ሁለቱን በሦስተኛ ፌስታል ሲከትልኝ፣ የእናቴ ዘንቢል በእጄ ላይ ባዶውን ተንጠልጥሎ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁን እደግፋለሁ፤ ሆኖም እናቴ ያለ አዋጅና ያለ ቅጣት ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው የኖረችውን ነገር ልጆቿ እንድናፍርበት ያደረገን ምን እንደሆነ ሳስብ፣ ጣቴን ወደ እህቴ መቀሰር አልቻልሁም። ወደ አገር ቤት ፎቶ የምንልከው እኛ ነን። አዲሱን መኪና፣ አዲሱን ሶፋ፣ በምግብ የተሞላውን ጠረጴዛ እንልካለን። በስደት በቆየሁባቸው ዓመታት ባዶ ጠርሙስ ተሸክሜ ከማሽኑ ፊት የተሰለፍሁበትን ፎቶ ለእህቴ አንድ ቀን እንኳን አልላክሁላትም። ታዲያ እዚህ ጣሳ እንደማይጣል በምን ትወቀው?

ልመለስ ስል እናቴ ከቁራሌው የተረፈችውን አንዲት ጣሳ ከአልጋ ሥር አውጥታ በርበሬ ሞላችልኝ። በርበሬው ያለቀ ዕለት ጣሳዋን ይዤ ወደዚያ ሱቅ ሄድሁ። ሻጯ ባዶዋን መዝና ክብደቷን በእስክሪብቶ ከሥሯ ጻፈችባት፤ እኔም ምስር ሞላሁባት። ፎቶ አነሣሁና ለእህቴ ላክሁላት።