ቤተ ክርስቲያን ግብር አትክፈል፣ ሂሳቧን ግን ታሳየን

እዚህ አሜሪካ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ እንደ በጎ አድራጎት ስለሚቆጠር የገቢ ግብር አይከፍልም። በዚህ ቅር አይለኝም። ለስደተኛ ለቅሶ የሚደርስ፣ አዲስ መጤውን ሥራና ቤት የሚያፈላልግ፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ የሚያዋጣ ሌላ ማን አለ?

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለቤት አልባዎች ምግብ የሚያድል ድርጅት ገቢው ጠርቀም ካለ በየዓመቱ ፎርም 990 ሞልቶ ያስገባል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለኃላፊዎቹ ስንት ተከፈለ፣ የፈለገ ሰው ያየዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን እንድትሞላ ሕጉ አያስገድዳትም።

የእኛ አጥቢያ ለሕንጻ ማሠሪያ ገንዘብ ማሰባሰብ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «ልጆቼ፣ እስካሁን ስንት ተሰበሰበ? ባንክ ያለውስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከመድረኩ የተሰጣቸው መልስ «እናታችን፣ ለእግዚአብሔር የሰጡትን መልሰው ይቆጥራሉ እንዴ?» የሚል ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ቁጭ አሉ። ሰውም ጭጭ። እኒህ ሴት የሰው ልጅ እየጠበቁ ያገኟትን ነው የሰጡት! እስካሁን ይከነክነኛል።

አገር ቤት እድር ላይ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ይዞ ይቆማል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ ሳይቀር ይቆጠራል። ሙዳየ ምጽዋትም ሲከፈት የሰበካ ጉባኤ ሰዎች ባሉበት ነው። እዚያም የሚያጎድል አይጠፋም፣ አውቃለሁ። ግን እድር ላይ ሂሳብ የጠየቀን ሰው እምነት የለህም የሚለው የለም።

ካናዳ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ በኩል ተሽለዋል። እዚያ በበጎ አድራጎት የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን እንደማንኛውም ድርጅት ቲ3010 የተባለውን ቅጽ በየዓመቱ ያስገባል። ቶሮንቶ ያለ ምእመን በስልኩ ገብቶ የአጥቢያውን ገቢና ወጪ ያያል። ቅዳሴው አልተጓደለበትም።

«መንግሥት በቤተ እምነት እጁን አያስገባ» የሚሉ አባቶች አሉ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲወርስ ያየ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። ነገር ግን ቅጹ በዋናነት የሚጠይቀው ስለ ገንዘብ ነው፤ ስብከቱን የሚነካ የለም።

ደግሞስ ሕጉ አያስገድድም እንጂ ማሳየትን አልከለከለም። ቦርዱ የሕንጻውን ሂሳብ አትሞ በራፉ ላይ ይለጥፍ። ለሚቀጥለው ጉባኤ ይህንኑ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ አብሮኝ የሚፈርም ከቅዳሴ በኋላ ያግኘኝ።