መጀመሪያ ልቀቅ፣ ከዚያ እንነግርሃለን

ኮሌጅ ልቀይር ወይስ ልቆይ? ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገኝ አንድ ቁጥር ነው። እስካሁን ከተማርኩት ስንቱ አዲሱ ኮሌጅ ውስጥ ይያዝልኛል? በቃ። እሱን ካወቅኩ የቀረውን ቁጭ ብዬ ራሴ አሰላዋለሁ። ግን ይህን ቁጥር የሚነግረኝ ፍጡር ጠፋ!

ልገባበት ያሰብኩትን ኮሌጅ ሁሉ ስጠይቅ፣ ተማክረው የተስማሙ ይመስል መልሳቸው አንድ ነው። "መጀመሪያ አመልክት። ከተቀበልንህ በኋላ ትራንስክሪፕትህ (የውጤት ማስረጃህ) ይገመገማል።" የማመልከቻ ክፍያው ግን "በኋላ" አይልም፤ አሁኑኑ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ደግሞ በእጅ ይዘህ አትሄድም። ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ነው የሚላከው። እንዲልኩልኝ ስጠይቅ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለትራንስፈር ነው ስል "እንግዲያው ክሊራንስ ጨርስ" ተባልኩ። ክሊራንስ መጨረስ መልቀቅ ነው እኮ! የት እንደምገባ፣ ስንት ዓመት እንደሚቀረኝ ሳላውቅ ያለኝን ቦታ ልልቀቅ? እቃውን ውሰድ፣ ዋጋውን ቤትህ ስትደርስ እንነግርሃለን እንደማለት ነው።

"ምን ችግር አለው፣ ክሬዲት ክሬዲት ነው" የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። አይደለም ወንድሜ። ክሬዲት የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው፤ መለኪያው ግን ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። አንዱ ኮሌጅ መደበኛውን ዓመት በሴሚስተር ለሁለት ይከፍላል፣ ሌላው በኳርተር ለሦስት። አንድ የኳርተር ክሬዲት የሴሚስተሩ ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ በኳርተር 4 ክሬዲት የተማርከው ኮርስ ወደ ሴሚስተር ሲዞር 2.67 ይሆናል። የሚፈለገው 3 ነው። አንዱ ኮሌጅ አይቶ ያልፍልሃል፣ ሌላው ጉድለቱን ሙላ ይልሃል። 0.33 ክሬዲት የሚሰጥበት ክፍል የት አለ? ያው ሙሉ ኮርስ ትመዘገባለህ።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) የሚሉት ነገር ነው። "ኮርሶችህን ተቀብለናል" ይሉሃል። ደስ ይልሃል። ቤተሰብም ጋ ትደውላለህ። ከዚያ ወረቀቱን ስታየው ግማሹ ኢሌክቲቭ በሚለው ዓምድ ስር ተጎልቷል። ትራንስክሪፕትህ ላይ ይታያል፣ ድምሩም ያምራል፣ ግን ለዲግሪው ከሚያስፈልጉህ ዋና ኮርሶች አንዱንም አይተካም። ዋናዎቹን ኮርሶች እንደገና ትወስዳለህ፤ እንደገናም ትከፍላለህ። ሰው ኮሌጅ ቀየርኩ ሲል "ተያዘልህ?" ብላችሁ አትጠይቁት። "የትኛው ዓምድ ውስጥ ገባልህ?" በሉት።

ደግሞ ፕሪሪኩዚት አለ፤ ቀድመህ ማለፍ ያለብህ ኮርስ ማለት ነው። አንድ የሂሳብ ኮርስ ሳይያዝልህ ቀረ እንበል። ሦስት ክሬዲት ናት፣ ምንም አይደለችም። ግን እሷን ሳታልፍ ሁለተኛውን አትወስድም። ሁለተኛውን ሳትወስድ የዲፓርትመንቱን ዋና ኮርስ አትነካም። እሱ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል። በሦስት ክሬዲት አንድ ሙሉ ዓመት ሄደ! ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግርህም፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው "3 ክሬዲት ጎደለ" ብቻ ነው።

ጂፒኤውስ (አማካይ ውጤቱስ)? ብዙ ቦታ አብሮህ አይሻገርም። ክሬዲቱ ይገባል፣ ውጤቱ ይቀራል። ከሲ በታች ያገኘህበትን ኮርስ ደግሞ ብዙዎቹ ጭራሽ አያዩትም። ጂፒኤው ለወደቀበት ሰው ይህ ሰርግና ምላሽ ነው፤ ከዜሮ ይጀምራል። ሌሊቱን ሳይተኛ እያጠና ኤ ያመጣው ሰው ግን ምን በደለ? ስኮላርሺፑም ቢሆን አብዛኛው ለአዲስ ገቢ የተመደበ ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ነገር ቢያዝልህ እንኳ፣ ዲግሪውን የሚሰጥህ ኮሌጅ ይህን ያህል ክሬዲት እኔው ጋ ካልተማርክ አልሰጥህም የሚል ደንብ አለው። እሱስ ይገባኛል። በስሙ ነው የሚያስመርቅህ።

ማጋነን የመሰለው ካለ ይህን ይስማ። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ ከክሬዲታቸው በግምት 43 በመቶውን አጥተዋል። ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው! ይህ ሁሉ ሰው ሰነፍ ነበር ልንል ነው?

መፍትሔ የለውም እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሊዝበን ላይ የተፈረመው የአውሮፓ ስምምነት ነገሩን ገልብጦታል። ሌላ አባል አገር የተማርከውን፣ ያልተጨረሰ ትምህርትም ቢሆን፣ መሠረታዊ ልዩነት ካልታየ በቀር እውቅና ስጡት ይላል። መስፈርቱን አያሟላም ከተባለም፣ ይህን የማሳየቱ ሸክም ተማሪው ላይ ሳይሆን በገምጋሚው ተቋም ላይ ነው። መልሱም በተገቢው ጊዜ ይሰጠው ይላል። ሁሉም ቦታ በደንብ ይሠራበታል ባልልም፣ ቢያንስ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ያሰፈረ አለ። እኔ ጋ ግን ስታትስቲክስ ስታትስቲክስ መሆኑን የማስረዳው እኔ ነኝ። ሲለበስ (የኮርሱን ይዘት ዝርዝር) አምጣ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ዝርዝር አምጣ፣ የመምህሩን ፊርማ አምጣ። መምህሩ ለቋል እኮ! እኔም ልለቅ ያሰብኩት እኮ የዲፓርትመንቱ አስተማሪዎች አንድ በአንድ ስለሄዱ ነው!

የት ልሂድ የሚለው ላይ ደግሞ መካሪ በዝቷል። አጎቴ "ስም ያለው ኮሌጅ ግባ" ይላል። እናቴ "የጀመርከውን ጨርስ" ትላለች። ጓደኛዬ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን የደረጃ ሰንጠረዥ ልኮልኛል። ሰንጠረዡ በአመዛኙ የሚለካው የምርምር ሥራንና ዝናን ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪን ኮርስ በቅንነት ያዩለታል ወይ የሚል መስፈርት የለበትም። የእናቴ ምክር ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን መቆየትም ነፃ አይደለም። አስተማሪ በሌለው ዲፓርትመንት ተጎልቶ ጊዜ መቁጠርም ኪሳራ ነው። ሁለት ዓመት ፈጅቻለሁ ብዬ ሌላ ሁለት ልጨምርበት?

እስካሁን ሰው ሆኖ የመለሰልኝ ከዝርዝሬ ስሙ ዝቅ ያለው ኮሌጅ ነው። አድሚሽን ቢሮውን ትቼ በቀጥታ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጻፍኩለት። "ሲለበሶችህን ላክ" አለኝ። ኦፊሻል እንዳልሆነ አስጠንቅቆ፣ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ፣ የትኛው እንደማይሆን ለየልኝ። ሰውዬው ያለ ክፍያ፣ ያለ ክሊራንስ፣ በኢሜይል ብቻ ሠራው። የሚቻል ነገር ነዋ! ታዲያ ሌሎቹን ምን ያዛቸው?

ስሙ ትልቁ ኮሌጅ ማመልከቻ የሚዘጋው የዚህ ሴሚስተር ውጤቴ ከመውጣቱ በፊት ነው። ያለ ውጤቱ ደግሞ አይገመግሙም። ከሁለተኛ ዓመት በኋላ የቀየራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ ከመልቀቃችሁ በፊት በጽሑፍ መልስ የሰጣችሁ ኮሌጅ አለ? ማን ፈረመላችሁ፣ ሬጅስትራሩ ወይስ ዲፓርትመንቱ? በኋላስ ፊርማውን አከበሩት?