እርማት፦ የሐኪሙ ዝለት በእረፍት ብቻ አይለቅም

«ሐኪሙ ደክሞት ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርዶ ዓሣ ይብላ፣ ይለቀዋል» ላልከው ወንድሜ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ ዝለትን ሲገልጸው፣ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ብሏል። መድከም ብቻም አይደለም። ከሥራው ልብ ይርቃል፣ «ምንም አልረባሁም» ማለት ይመጣል።

በኮቪድ ጊዜ እዚሁ ሐዋሳ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝ። ጠያቂ አይገባም። ስልኩን ልትሞት የተቃረበች እናት ጆሮ ላይ ይዞ ከልጆቿ ጋር ያሰናብታታል። ጓንቱን ቀይሮ ወዲያው ወደ ቀጣዩ አልጋ። አፍንጫው ላይ ማስኩ የላጠው ቁስል እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

እረፍት ወጣ፤ ዓሣውንም አብረን በላን። ሲመለስ ግን ያው ፈረቃ፣ ያው የሰው እጥረት ጠበቀው። በሳምንቱ እንደገና ዝም አለ።